ኤምአርኤም፣ ዲዲኤ ወይስ ዲአይኤ፦ የታንደም ማስ ስፔክትሮሜትርን ጊዜ ማከፋፈል

ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትር አዮኖችን፣ ማለትም ቻርጅ የያዙ ሞለኪውሎችን፣ በክብደት የሚለይ፣ የሚሰብርና ስባሪዎቻቸውን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። ናሙናው ቀድሞ ውህዶችን በየሰዓታቸው በሚያወጣ ቱቦ፣ በኮለም፣ ያልፋል። ከኮለም የሚወጣ አንድ ፒክ፣ ማለትም የአንድ ውህድ ምልክት ከፍ ብሎ እስኪወርድ፣ ቢበዛ ስድስት ሰከንድ ያህል ይቆያል እንበል። በእነዚያ ስድስት ሰከንዶች መሣሪያው የትኛውን አዮን እንደሚያስገባ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚሰብረው፣ የትኛውን ስባሪ እንደሚቆጥርና በእያንዳንዱ ላይ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቆይ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ኤምአርኤም (የተመረጡ ስባሪዎችን ብቻ መቁጠር)፣ ፒአርኤም (የተመረጠን አዮን ስባሪዎች በሙሉ መመዝገብ)፣ ዲዲኤ (ከፍ ብለው የታዩትን መርጦ መስበር)፣ ዲአይኤ (ሳይመርጡ በጅምላ መስበር) እየተባሉ የሚጠሩት ዘዴዎች በሙሉ ያችን አጭር ጊዜ የማከፋፈያ መንገዶች ናቸው። አንዱ ጊዜውን ሁሉ በሁለት ስባሪዎች ላይ ያፈሰዋል፤ ሌላው ላገኘው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይበትነዋል።

ስለዚህ ዘዴ ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይወስኑ። የሚፈልጉት ውህድ አስቀድሞ የታወቀ ነው? የሚፈለገውስ መጠኑ ነው ወይስ ማንነቱ? የታወቀና መጠኑ የሚፈለግ ከሆነ ኤምአርኤም ወይም ፒአርኤም፤ ያልታወቀ ከሆነ ዲዲኤ ወይም ዲአይኤ፤ ስሙ ባይታወቅም ዘመዶቹ የሚታወቁ ከሆነ ደግሞ የፕሪከርሰር ወይም የኒውትራል ሎስ ስካን (አንድ የጋራ ስባሪ የሚሰጡትን ወይም አንድ የጋራ ቁራጭ የሚጥሉትን መፈለጊያ) ይሆናል።

መሣሪያው ውስጥ የሚሆነው

በትሪፕል ኳድሩፖል ውስጥ አዮኖች ሦስት ክፍል ያልፋሉ። የመጀመሪያው፣ ኪው1፣ በር ጠባቂ ነው፤ የተነገረውን ኤም/ዜድ (ክብደት በቻርጅ ሲካፈል) ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛው ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ የግጭት ክፍል ነው፤ አዮኖቹ ከጋዙ ጋር እየተላተሙ ይሰበራሉ። ሦስተኛው፣ ኪው3፣ ከስባሪዎቹ መካከል መርጦ ወደ መቁጠሪያው ይልካል። የገባውን እናት አዮን፣ የወጣውን ስባሪ ልጅ አዮን እንላለን። ይህን አደረጃጀት ዮስትና ኤንኬ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ዛሬም መጠን ለመለካት ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ሁለቱም መራጭ ኳድሩፖሎች፣ ኪው1ና ኪው3፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቁጥር ላይ ከቆሙ ኤምአርኤም ነው። ኪው1 ቆሞ ኪው3 ቢቃኝ የልጅ አዮን ስካን፣ ኪው1 እየቃኘ ኪው3 ቢቆም የፕሪከርሰር ስካን፣ ሁለቱም ልዩነታቸውን ጠብቀው አብረው ቢቃኙ የኒውትራል ሎስ ስካን ይባላል። በኪውቶፍና በኦርቢትራፕ መሣሪያዎች ላይ የኪው3ን ቦታ ሁሉንም ስባሪ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ ጥራት የሚመዝን ክፍል ይይዘዋል። ስለዚህ እዚያ ስባሪ የሚመረጠው ከሩጫው በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ኤምአርኤም ከባዶ መሥራት

ካፌይንን እንውሰድ። በግማሽ ሜታኖልና በግማሽ ውሃ፣ 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ታክሎበት፣ በሚሊሊትር 100 ናኖግራም ያዘጋጁና በሲሪንጅ ፓምፕ በደቂቃ 10 ማይክሮሊትር እያስገቡ ከ100 እስከ 300 ሙሉ ስካን ያድርጉ። ፕሮቶን የያዘው ካፌይን 195.1 ላይ ይታያል። 217 ላይም ከፍ ያለ ነገር ካዩ ሶዲየም የያዘው ነው። በዚህኛው ላይ ዘዴ አይገንቡ። ሶዲየም የተጣበቀበት አዮን በቀላሉ አይሰበርም፤ መጠኑም እንደ ብርጭቆውና እንደ ሟሟው ንጽህና ይዋዥቃል።

ቁጥሩን ሲያስገቡ ከነጥብ በኋላ ያለውን አይተዉ። ኳድሩፖሉ ብዙ ጊዜ በግማሽ ቁመት ላይ 0.7 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ስፋት እንዲኖረው ይደረጋል። በ195 አካባቢ 0.1 ብትጎድል ጉዳቱ ትንሽ ነው። እውነተኛ ክብደቱ 760.6 የሆነን ሊፒድ 760 ብሎ ማስገባት ግን ከፒኩ ጫፍ ወርዶ ገደሉ ላይ መቆም ነው፤ ምልክቱ ለምን እንደጠፋ ሲፈለግ ይዋላል።

ቀጥሎ ኪው1ን 195.1 ላይ አቁመው የልጅ አዮን ስካን ይክፈቱና የግጭት ኃይሉን ከ5 እስከ 50 ቮልት በ5 ቮልት እርምጃ ያሳድጉ። ታች ላይ 195 ሳይሰበር ያልፋል። ኃይሉ ሲጨምር 138 ይነግሣል፤ ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባለው 57 የሚመዝን ቁራጭ ስለወጣ ነው። ከዚያ ደግሞ 28 የሚመዝነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣና 110 ከፍ ይላል። ለእያንዳንዱ ስባሪ ከፍተኛ ምልክት የሰጠበትን ቮልት ይያዙ፤ በዚያ ዙሪያ በ2 ቮልት እርምጃ አጥብበው ይድገሙት። እንዲህ ያለው የእናትና የልጅ ጥንድ ትራንዚሽን ይባላል፤ 195 ወደ 138 መጠን መለኪያ፣ 195 ወደ 110 ማረጋገጫ ይሆናል። የተገኘው ቮልት ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ከሌላ ላብራቶሪ ዘዴ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ምልክት ያስቀራል።

ስባሪ ሲመርጡ ውሃን ማጣት፣ ማለትም 18፣ አሞኒያን ማጣት፣ ማለትም 17፣ የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ። ውሃ የሚጥል ውህድ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከናሙናው ውስጥ ያገኘው ሁሉ እዚያ መስመር ላይ ይጮኻል። አነስተኛ ቁመት ያለው ግን ለውህዱ የተለየ ስባሪ ጸጥ ባለ ቤዝላይን ላይ ስለሚቀመጥ ከረጅሙ የተሻለ ዝቅተኛ መጠን ሊያሳይ ይችላል። መለካት ያለበት ቁመቱ ከጫጫታው ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ይህንንም በንጹህ ሟሟ ሳይሆን በእውነተኛው ማትሪክስ፣ ማለትም ውህዱ በሚገኝበት የናሙናው ሌላ ይዘት፣ ውስጥ ይዩት።

ኢንተርናል ስታንዳርዱ (በየናሙናው በታወቀ መጠን የሚጨመረው ማነጻጸሪያ) ከተቻለ አይሶቶፕ የተሰጠው፣ ማለትም ከባድ አቶሞች የገቡበት፣ ራሱ ውህዱ ይሁን። እዚህ ላይ ሒሳብ የሚሳሳት ብዙ ነው። ሦስቱ ሜቲሎቹ ካርቦን-13 የሆኑለት ካፌይን 198 ይመዝናል፤ ስባሪው ግን 141 አይደለም። የሚወጣው ቁራጭ ከሜቲሎቹ አንዱን ይዞ ስለሚሄድ የሚጠፋው 58 ነው፤ ትራንዚሽኑ 198 ወደ 140 ይሆናል። ዘጠኝ ዲዩቴሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን) ያለበት ከሆነ ደግሞ 204 ወደ 144። ዲዩቴሪየም የበዛበት ስታንዳርድ ከውህዱ ትንሽ ቀድሞ ከኮለም ስለሚወጣ የማትሪክሱ ጫና (አብረው የሚወጡ ሌሎች ይዘቶች የአዮን መፈጠርን ማፈናቸው) ሁለቱን እኩል ላይነካቸው ይችላል፤ ስለዚህ ካርቦን-13 ከተገኘ እሱ ይመረጣል። በክብደት ቢያንስ 3 ዳልተን መራቅም አለበት። እያንዳንዱ ካርቦን 1.1 በመቶ ያህል የካርቦን-13 ዕድል ስላለው የውህዱ የራሱ አይሶቶፖች ወደ ስታንዳርዱ መስመር ይሻገራሉ።

የሚሊሰከንድ ሒሳብ

አንድን ፒክ በቅጡ ለመለካት ከ12 እስከ 15 ነጥብ ይበቃል። ፒኩ ስድስት ሰከንድ ከሆነ አንድ ዙር ከ0.4 እስከ 0.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። አሁን 40 ውህዶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ትራንዚሽንና አንድ ኢንተርናል ስታንዳርድ አሉ እንበል፤ 120 ትራንዚሽን ሆነ። 480 ሚሊሰከንድ ለ120 ሲካፈል ለአንዱ 4 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለያ ይቀነሳል። የቀረው ለመቁጠር አይበቃም።

አዮን የሚመጣው እየተቆጠረ ነው። 100 አዮን ቢቆጠር በዕድል ብቻ 10 በመቶ ይዋዥቃል፤ 10,000 ቢቆጠር 1 በመቶ። ድዌል ታይም (በአንድ ትራንዚሽን ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ) ያሳጠሩ ዕለት የሚበላሸው በመጀመሪያ የዝቅተኛው መጠን ድግግሞሽ ነው። ከፍተኛው ስታንዳርድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስለሚያምር ብዙ ሰው ይዘናጋል።

መፍትሔው ትራንዚሽኖቹን በሰዓታቸው ብቻ መክፈት ነው። የአሥር ደቂቃ ሩጫ ላይ እያንዳንዱ ውህድ የአንድ ደቂቃ መስኮት ቢሰጠው በአማካይ 12 ትራንዚሽን ብቻ አብረው ይከፈታሉ፤ በተጨናነቀው ቦታ 24 ቢደርሱ እንኳ ለአንዱ 20 ሚሊሰከንድ አለ። ዋጋው መስኮቱን መጠበቅ ነው። ሞባይል ፌዝ (በኮለሙ ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ) አዲስ ሲዘጋጅ ወይም ኮለሙ ሲያረጅ የመውጫው ሰዓት ይንሸራተታል፤ ፒኩም ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያልቃል። ስታንዳርድ በባቹ (አብሮ በሚሮጠው የናሙና ስብስብ) መጀመሪያም በመጨረሻም ያስገቡና ፒኩ ከመስኮቱ መሐል ምን ያህል እንደራቀ ይዩ።

የተከታተሉ ሁለት ትራንዚሽኖች አንድ ዓይነት ልጅ አዮን ካላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቁ። ከመጀመሪያው የተረፉ ስባሪዎች ከግጭት ክፍሉ ሳይወጡ ሁለተኛው ሲከፈት እንደሱ ሊቆጠሩ ይችላሉ። አንዱን ውህድ ለብቻው በከፍተኛ መጠን አስገብተው የሌላውን መስመር በመመልከት ይፈተሻል። ቅደም ተከተላቸውን ማራራቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

የሁለቱ ስባሪዎች ንጽጽር ሲበላሽ

ማንነት የሚረጋገጠው በመውጫ ሰዓትና በሁለቱ ስባሪዎች ንጽጽር ነው። ለፀረ-ተባይ ቅሪት ምርመራ የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሳንቴ መመሪያ ለሰዓቱ 0.1 ደቂቃ፣ ለንጽጽሩ ከስታንዳርዱ አንጻር 30 በመቶ ወደላይም ወደታችም ይፈቅዳል። ስታንዳርዱ ላይ ማረጋገጫው የመለኪያው 25 በመቶ ከሆነ በናሙናው ከ17.5 እስከ 32.5 መሆን አለበት ማለት ነው።

ናሙናው 48 በመቶ ሰጠ እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የማትሪክስ ጫናን ነው፤ ግን እሱ አይደለም። ጫናው የሚያርፈው አዮን ሲፈጠር፣ በእናቱ ላይ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ከአንድ እናት ስለሚወጡ አብረው ይቀንሳሉ፣ ንጽጽራቸው ግን አይለወጥም። ንጽጽር ሲለወጥ የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፦ በአንደኛው መስመር ላይ አብሮ የወጣ ባዕድ ውህድ፣ የመቁጠሪያው መሙላት፣ ወይም በጣም አነስተኛ መጠን። መቁጠሪያው ሲሞላ ትልቁ መስመር ቀድሞ ስለሚሞላና ማደግ ስለሚያቆም ትንሹ ያለ አግባብ የበዛ ይመስላል።

ናሙናውን አሥር እጥፍ ያቅጥኑት። ንጽጽሩ ወደ 25 ከተመለሰ መቁጠሪያው ሞልቶ ነበር፤ የካሊብሬሽኑን (መጠናቸው በሚታወቅ ስታንዳርዶች የሚሠራውን መለኪያ መስመር) የላይኛ ጫፍ ያውርዱ፣ ወይም የግጭት ኃይሉን ሆን ብለው ከተመቸው ቦታ አርቀው ምልክቱን ይቀንሱ። 48 ላይ ከቀረ 110 ላይ የተቀመጠ እንግዳ አለ፤ ሦስተኛ ስባሪ ይሞክሩ፣ ካልሆነም ግራዲየንቱን (የሞባይል ፌዙን ቅንብር በሩጫው ውስጥ መለወጫ) አዘግመው ይለዩአቸው።

ንጽጽሩ ያልተዛባ ሁሉ ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ሉሲንና አይሶሉሲን ሁለቱም 132 ናቸው፤ ሁለቱም 86 ይሰጣሉ። 69 አይሶሉሲንን ይለያል፤ መጠን በ86 ለመለካት ግን ኮለሙ ሊለያቸው ግድ ነው። ግሉኩሮኒዶችም እንዲሁ ያታልላሉ። 462 የሚመዝነው የሞርፊን ግሉኩሮናይድ አዮን በሚፈጠርበት ቦታ 176 ጥሎ 286 ሆኖ ይገባል፤ አብሮ ከወጣ ሞርፊን ተብሎ ይቆጠራል። ግሉኩሮናይዱን ለብቻው አስገብተው በሞርፊን መስመር ላይ ፒክ ይታይ እንደሆነ ሳያዩ ዘዴውን አያጽድቁ።

ዘመድ ፍለጋ፦ ፕሪከርሰርና ኒውትራል ሎስ

እነዚህ ሁለቱ ዛሬ የሚበቃቸውን ያህል አይወራላቸውም። ፎስፋቲዲልኮሊኖች ሲሰበሩ ሁሉም 184 ይሰጣሉ፤ አሲልካርኒቲኖች 85 ይሰጣሉ፣ የአራስ ሕፃናት ምርመራም በዚህ ይጠቀማል። ግሉኩሮኒዶች 176፣ ሰልፌቶች 80፣ ሄክሶስ ያለባቸው 162 ይጥላሉ። የመድኃኒት ሜታቦላይት ለማደን 176ትን ማዘዝ ብዙ ጊዜ ቆጣቢ ነው። ክፍያው ጊዜ ነው፤ ከ400 እስከ 900 በግማሽ ሰከንድ ሲቃኝ ለአንድ ዳልተን 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ያገኙትን ይዘው ወደ ልጅ አዮን ስካን ወይም ወደ ኤምአርኤም ይሻገሩ፤ መጠን ከዚህ አያውጡ።

የ184ቱ ስካን አንድ ወጥመድ አለው። ስፊንጎማየሊንም 184 ይሰጣል። ፎስፋቲዲልኮሊን አንድ ናይትሮጅን ስላለው ፕሮቶን ይዞ ሙሉ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፣ ለምሳሌ 760፤ ስፊንጎማየሊን ሁለት ስላለው ጎዶሎ ነው፣ ለምሳሌ 703። ጎዶሎ ሁሉ ግን ስፊንጎማየሊን አይደለም። የ760ው 42 ካርቦኖች 761 ላይ የዋናውን 46 በመቶ ያህል አይሶቶፕ ይሠራሉ።

ዲዲኤ

እዚህ መሣሪያው መጀመሪያ አጠቃላይ ስካን ያደርጋል፤ ከዚያ ከፍ ብለው ከታዩት መካከል የተወሰኑትን ተራ በተራ እየለየ ይሰብራል። 100 ሚሊሰከንድ አጠቃላይ ስካን ከስምንት የ50 ሚሊሰከንድ ስብራት ጋር ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። የመለያው ስፋት 1 ዳልተን አካባቢ ይሁን፤ ከሰፋ የጎረቤት አዮን ስባሪ ይቀላቀላል። የግጭት ኃይሉን 20፣ 40 እና 60 አድርጎ ማደባለቅ ለማይታወቁ ውህዶች ይመከራል፤ ጠንካራውም ደካማውም በአንድ ስፔክትረም ውስጥ ስባሪ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ከፕሮቲን ሥራ የተገለበጠ ዘዴ ነው። የፕሮቲን ዘዴ ሁለትና ከዚያ በላይ ቻርጅ ያላቸውን ብቻ እንዲመርጥ፣ አንድ ቻርጅ ያላቸውን እንዲዘል ይታዘዛል። ትናንሽ ሞለኪውሎች ግን አብዛኞቹ አንድ ቻርጅ ናቸው። ሩጫው ያልቃል፣ ፋይሉ ይሞላል፣ የሚፈለገው ግን አንዱም አልተሰበረም። የአንዴ ከተሰበረ በኋላ የማግለያው ጊዜም እንዲሁ ነው። 30 ሰከንድ ከተገለለ ከ10 ሰከንድ በኋላ የሚወጣው አይሶመር (ክብደቱ እኩል፣ አወቃቀሩ የተለየ ውህድ) ይዘለላል፤ ጭራሽ ካልተገለለ ደግሞ ትልቁ አዮን ደጋግሞ ይሰበራል። ለስድስት ሰከንድ ፒክ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይሞክሩ።

ከናሙና በፊት ብላንክ (ውህዱ የሌለበት ባዶ ናሙና) ያስገቡና በውስጡ የታዩትን አዮኖች የማይመረጡ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ከሟሟና ከፕላስቲክ የሚመጡ አዮኖች ግማሹን ተራ ሲበሉ ማየት የተለመደ ነው። የሚጠረጥሩት ውህድ ካለ ደግሞ በሚመረጡት ዝርዝር ያስቀድሙት። የሁሉም ናሙናዎች ድብልቅ ተሠርቶ ደጋግሞ ማስገባት፣ በየጊዜው ቀድሞ የተሰበረውን እያገለሉ፣ ደካሞቹም ተራ እንዲያገኙ ያደርጋል።

መጠን የሚወሰደው ከአጠቃላዩ ስካን ነው። በአንዱ ናሙና ተሰብሮ በሌላው ያልተሰበረ ውህድ ከሁለተኛው የለም ማለት አይደለም፤ ተራ አልደረሰውም ይሆናል።

ዲአይኤ

ዲአይኤ አይመርጥም፤ የክብደቱን መስክ በመስኮቶች ከፍሎ በየመስኮቱ ያለውን ሁሉ በጅምላ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የስዋዝ ዘዴ ከ400 እስከ 1200 ያለውን በ32 መስኮቶች፣ እያንዳንዳቸው 25 ዳልተን፣ 100 ሚሊሰከንድ እየሰጠ ይቃኝ ነበር። አንድ ዙር ከሦስት ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ግማሽ ደቂቃ ለሚቆይ የፔፕታይድ ፒክ ይበቃል፤ በስድስት ሰከንድ ፒክ ላይ ግን ሁለት ነጥብ ብቻ ይወድቃል። ለትናንሽ ሞለኪውሎች 15 መስኮቶች በ30 ሚሊሰከንድ፣ ከ50 ሚሊሰከንድ አጠቃላይ ስካን ጋር፣ ግማሽ ሰከንድ ይሞላሉ። መስኮቶቹን እኩል አይክፈሉ፤ የድብልቁን ሙሉ ስካን ዓይተው አዮን በበዛበት ያጥብቡ፣ በሳሳበት ያስፉ።

ስባሪና እናት የሚዛመዱት በፒክ ቅርጽና በመውጫ ሰዓት ነው። ስለዚህ ክሮማቶግራፊው ደካማ ከሆነ ሶፍትዌሩ አያድነውም፤ አብረው የወጡትን ሁለት ውህዶች እንደ አንድ ያጣብቃቸዋል። በምላሹ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም ስላለ ዛሬ ያልተጠየቀውን ውህድ ከዓመት በኋላ መፈለግ ይቻላል። ዲዲኤ ይህን አይሰጥም።

ፒአርኤም መቼ ይሻላል

ውህዶቹ ጥቂት ሆነው የትኛው ስባሪ ንጹህ እንደሚሆን ካልታወቀ ፒአርኤም ይመረጣል። ኪው1 እናቱን ይለያል፤ ስባሪዎቹ በሙሉ በከፍተኛ ጥራት ይመዘገባሉ፤ መለኪያው በኋላ ይመረጣል። 138.0662 ላይ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት) ማለት 0.0007 ዳልተን ስለሆነ ኳድሩፖል የማይለየው ባዕድ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ግን እዚህም ሰዓቱ ይቆጥራል። በኪው ኤግዛክቲቭ ዓይነት ኦርቢትራፕ ላይ 17,500 ጥራት 64 ሚሊሰከንድ፣ 35,000 ጥራት 128 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በግማሽ ሰከንድ ዙር ውስጥ በመጀመሪያው ሰባት፣ በሁለተኛው ሦስት ውህድ ብቻ አብረው ይሄዳሉ። አዮን የመሰብሰቢያውን ጊዜ ከዚያው ሚሊሰከንድ ጋር ያስተካክሉ፤ አንዱ እየተመዘነ ቀጣዩ ስለሚሞላ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ምልክት ይገኛል።

ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት

ለሕይወታዊ ናሙናዎች የወጣው አይሲኤች ኤም10 የተባለ ዓለም አቀፍ መመሪያ ቢያንስ ስድስት የካሊብሬሽን ደረጃ ይጠይቃል። የተመለሰው ቁጥር ከእውነተኛው በ15 በመቶ፣ በዝቅተኛው ደረጃ በ20 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት። መስመሩን ያለ ክብደት (ነጥቦቹን በስታቲስቲክስ ሳያመዛዝኑ) ከገጠሙት ከፍተኛው ነጥብ ጎትቶ ዝቅተኛውን ያጣምመዋል፤ አንድ በኤክስ ስኩዌር (1/x²) የሚለውን ክብደት ይሞክሩ። ከከፍተኛው ስታንዳርድ በኋላ ብላንክ ያስገቡ፤ የተረፈው ከዝቅተኛው ደረጃ ምልክት 20 በመቶ ማለፍ የለበትም።

የማትሪክስ ጫናን ለማየት ውህዱን በቲ መገጣጠሚያ ከኮለሙ በኋላ ያለማቋረጥ እያስገቡ፣ ባዶ ማትሪክስ ያሩጡ። ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር የሚወርድበት ደቂቃ የጫናው ቦታ ነው፤ ፒክዎ እዚያ ከወደቀ ግራዲየንቱን ያንቀሳቅሱት። ጨዎች በሚወጡበት በመጀመሪያው ደቂቃ ፍሰቱን በቫልቭ ወደ ቆሻሻ ማዞርም ምንጩን ለረጅም ጊዜ ንጹህ ያቆያል። በየባቹ ደግሞ የኢንተርናል ስታንዳርዱን የፒክ ኤሪያ ከናሙና ናሙና በአንድ ሥዕል ላይ ያስቀምጡ። ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ምንጩ እየቆሸሸ ነው። በአንድ ናሙና ብቻ ግማሽ ከሆነ ያ ናሙና ተቀጥኖ እንደገና ይገባል። ድንገት ዜሮ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ፒፔቱ ነው።